ከል የጠጣው ጋቢ

ቀለም ነጋዴ ነኝ። ነቀምቴ ገበያ፣ ጨርቅ ተራው ሲያልቅ ያለችው ጠባብ ሱቅ የኔ ናት። ቁልፍ፣ ዚፕና የልብስ ቀለም እሸጣለሁ። ሰው የሚያውቀኝ ግን በቀለሙ ነው፤ ጣቶቼን አይቶ ሥራዬን የማይገምት የለም። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ሁሉም አለ። እንጀራዬ ግን ጥቁሩ ነው። ሰርግ ወቅቱን ጠብቆ ይመጣል፤ ሐዘን ወቅት የለውም። ገበያተኛዋ ገና ደጃፍ ሳትደርስ «ጉራቻ ቀብዳ?» ትላለች፣ ጥቁር አለህ ወይ ነው። እኔም ፊቷን አይቼ ለደበዘዘ ሱሪ ይሁን ለለቅሶ ሳልጠይቅ አውቃለሁ።

ጥቁሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ውኃውን እያጠቆረ ይለቃል። ሌላው አይለቅም፤ ልብሱ ያልቃል እንጂ እሱ አያልቅም። የማይለቀውን ከላይኛው መደርደሪያ አስቀምጬ ለሚያውቅ ብቻ ነበር የማወርደው። ለለቅሶ የሚመጣ ሰው አይከራከርም፣ አያገላብጥም፤ ስለዚህ የሚለቀውን እሰጠው ነበር። ለራሴም ማስተባበያ አዘጋጅቼለት ነበር፤ ሐዘንም ቢሆን ቀስ እያለ መልቀቅ አለበት እል ነበር። ነጋዴ ለሁሉም ነገር ምክንያት አያጣም።

ባለቤቴ በዚህ ትስቅብኝ ነበር። እዚሁ ነቀምቴ የጨለለቂ ሰፈር ልጅ ናት፣ የቸርች ሰው፣ ኦሮምኛና አማርኛን በአንድ ትንፋሽ የምትናገር። ቅዳሜ ማታ ሎሚ ቆርጣ እጄን ይዛ ጥፍሬ ሥር ያለውን ጥቁር ትፈትግ ነበር። «ነገ ከጎኔ ትቀመጣለህ፤ ሰው መካኒክ ያገባሁ ይመስለዋል» ትለኛለች። እኔ «መካኒክ እኮ ከኔ የተሻለ ያገኛል» ስላት፣ «እሱማ፣ አርፍጄ ነው የሰማሁት» ትላለች። እድፉ አይለቅም ነበር። እሷም መፈተጉን አትተውም ነበር።

የሞተችው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ሕመሟ አጭር ነበር፤ ሆስፒታል ገብታ ከመውጣቷ በፊት ዶክተሮቹን እንኳ በቅጡ አልለመድናቸውም ነበር። ስለዚያ ሳምንት ብዙ አላወራም። ማውራት የምችለው ስለ ጋቢው ነው።

አልጋችን ላይ የምንለብሰው አንድ ጋቢ ነበረን። ስንጋባ የተገዛ፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ጥለት ያለው፣ ሁለታችንን አዳርሶ እግር የሚያስቀር። እግሬን ውጭ የምታስቀረው እሷ ነበረች፤ ሁልጊዜ የሚበርደኝ እኔ ነኝ። «ላኪ! አይሆንም!» ትላለች ስጎትተው፣ «ግማሹ የኔ ነው።» ግማሽ ያለችው ግን ከግማሽ ይበልጥ ነበር፤ በሚዛን የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አውቃለሁ። የገበያውን ወሬ ሁሉ የምንጨርሰው እዚያ ጋቢ ሥር ነበር። እሷ ከሞተች በኋላ ሽታዋ የቀረው እሱ ላይ ብቻ ነበር፤ ቀሚሶቿን እህቶቿ አጥበው አጣጥፈዋቸው ነበር።

ድንኳኑ በተተከለ ማግስት አክስቴ ከአንገር መጣች። አክስቴ ማለት በድርቁ ጊዜ ከወሎ ወለጋ ስንሰፍር እኔን በጀርባዋ አዝላ ያመጣች ሴት ናት፤ እናቴ መንገዱን አልጨረሰችውም። አንገር፣ ሰፈራው መንደር ውስጥ፣ ከል የምትነክር እሷ ናት። ሰው ሲሞት ነጠላና ጋቢ ወደሷ ይመጣል፣ በበርሜል ታፈላዋለች፣ ጠቁሮ ይመለሳል። ገና ከመቀመጧ «የልጄን ጋቢ አምጡልኝ» አለች።

የባለቤቴ ወንድም ጎንበስ ብሎ በአክብሮት አናገራት። «አዴ፣ እኛ ጥቁር አንለብስም። እህቴ ወደ ጌታ ነው የሄደችው፣ ይሄ የደስታ ነው።»

«ወደ ጌታ መሄዷን ማን ካደ?» አለች አክስቴ። «የምንጠቁረው እኮ ለሷ አይደለም። የምንጠቁረው የቀረነው ነን።»

«መጽሐፉ ግን...»

«መጽሐፉን አንተ አንብብ። እኔ በርሜሉን ልጣድ።»

የባለቤቴ ወንድም ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ድንኳኑ ምሰሶ አዞረ። «ማል ጎነ?» አለኝ፣ ምን እናድርግ ማለቱ ነው። እኔ ያን ቀን አክስቴ በርሜሉ ውስጥ ግባ ብትለኝም እገባ ነበር።

«ጋቢህ የት ነው?» አለችኝ።

«ቤት ውስጥ ነው» አልኳት። ያሰብኩት በሩ ኋላ ሚስማር ላይ የሚንጠለጠለውን፣ ሱቅ ለብሼው የምውለውን አሮጌ ጋቢ ነበር። «ቀለሙስ?» ስትለኝ ለባለቤቴ ወንድም የሱቁን ቁልፍ ሰጠሁትና «ከላይኛው መደርደሪያ» አልኩት። ለስንቱ ለቅሶ የሚለቀውን ስሸጥ የኖርኩ ሰው፣ ለራሴ ሲሆን ዋናውን አወረድኩ።

በሦስተኛው ቀን አክስቴ ገና በቅጡ ያልደረቀ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። የቀለምና የጭስ ሽታ አለው። ጠርዙን ሳብ ሳደርገው ቀጭኗ ጥለት በእጄ መጣች። አረንጓዴነቷ ጠፍቶ ጥቀርሻ መስላለች። የአልጋችን ጋቢ ነው። አክስቴ ቤት ስትገባ በሩ ኋላ አላየችም፤ ቀጥታ ወደ አልጋው ነው የሄደችው።

ቀና ብዬ አየኋት። እጆቿ እስከ ክርናቸው ጠቁረዋል። በዚያ ዕድሜዋ ለኔ ብላ እንጨት ስትማግድ አድራለች። ምን ልበላት? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት።

ዓመት ሙሉ ለበስኩት። ሰው ፊት እየለበስኩት፣ ቤት ስገባ ሳላየው አጣጥፌ አስቀምጠው ነበር። ዓመቱ ሲሞላ ሐዘኔን አወለቅኩ ተባለና ጆንያ ውስጥ ከትቼ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። አሮጌው ጋቢ በሩ ኋላ ነጭ እንደሆነ፣ እንደቆሸሸ፣ አንድም ነገር ሳይሆን ተንጠልጥሏል። አንዳንድ ጠዋት የሚስቅብኝ ይመስለኛል።

ስመኝ የኖርኩት አንድ ነገር ነው፤ ያ ጋቢ ነጭ ሆኖ አልጋው ላይ እንደ ዱሮው እንዲነጠፍ። ሽታው እንደማይመለስ አውቃለሁ። ቀለም ነጋዴ ነኝ፣ ጥቁሩም እንደማይመለስ አውቃለሁ። ሰው ግን የሚያውቀውን ነገር እያወቀ ይመኛል።

ነገሩን የቀሰቀሰው አንድ መምህር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ነው የሚኖረው። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የደበዘዘ ሱሪውን የሚያጠቁርበት ቀለም ይገዛኛል። የኔ ትምህርት የጎዳና ነው፤ ሱቅ በደረቴ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስዞር ፊደል የለየሁት ከከረሜላና ከክብሪት ላይ ነው። እንግሊዝኛውን ግን እስከ ዛሬ በመልኩ ነው የማውቀው። እና ያን ቀን አዲስ የመጣ የቀለም ፓኬት ሰጠሁትና «መምህር፣ እስቲ ይሄ ምን ይላል?» አልኩት።

«ዕቃዎን አያሳድፍም ይላል።»

«እሱ ውሸት ነው። ሌላስ?»

ሳቀ። ከዚያ አንዷ ቃል ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ይቺ ስቴይን ትባላለች። እድፍ፣ የማይለቅ ቀለም ማለት ናት። ከየት እንደመጣች ግን እንጃ፤ አያለሁ።»

አያለሁ ያለ ሰው እንደማያይ ከገበያ ተምሬያለሁ። መምህር ግን ሌላ ፍጥረት ነው። በሳምንቱ ሱሪውን አጥቁሮ፣ ስልኩን ይዞ መጣ።

«አካም ቡልቴ፣ ኦቦ!» አለ፣ እንደምን አደርክ ጌታዬ ነው። «ያቺ ቃል ጉድ ናት።»

«የትኛዋ?»

«ስቴይን። መነሻዋ ቀለም ማስያዝ አልነበረም። ቀለም ማስለቀቅ ነበር!»

መቀመጫ ሰጠሁት። ለነገረኛ ደንበኛ መቀመጫ አልሰጥም፤ ለሱ ግን ሰጠሁት።

«ሮማውያን ነከረ የሚል ቃል ነበራቸው» አለ። «ውኃ ውስጥ ነከረ፣ ቀለም ውስጥ ነከረ። ፈረንሳዮች ያንን ወሰዱና ከፊቱ ማፍረሻ ቀጠሉበት። ከቀለም አወጣ፣ አደበዘዘ ማለት ሆነ። እንግሊዞች ተቀብለው ፊቱን እየዋጡ አሳጠሩት። በሌላ በኩል ደግሞ ከሰሜን ባሕር ተሻግረው የገቡ ሰዎች መቀባት የሚል፣ ድምፁ የሚመሳሰል ቃል ይዘው መጥተው ነበር። ሁለቱ ተደባለቁ።»

«እንደኛ ገበያ በለኛ።»

«ልክ እንደኛ ገበያ! አንዱ ያስለቅቃል፣ አንዱ ይቀባል፤ መጨረሻ ላይ ማን የማን እንደሆነ ጠፋና እድፉ ቀረ። አዋቂዎቹ እንዲህ ነው የሚሉት፤ እኔ ቆሜ አላየሁም።»

«ያስለቅቁ የነበሩት ሰዎች» አልኩት፣ «በምን ነበር የሚያስለቅቁት?»

«ኧረ እሱን መዝገበ ቃላቱ አይልም።»

«ይኸው! ዋናውን ትቶ!»

ስቆ ሄደ። እኔ ግን እስከ ቀትር ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ቃል ከሜዳ አይበቅልም። ማስለቀቅ የሚል ቃል ካለ፣ አንድ ቀን፣ አንድ አገር፣ ከጨርቅ ላይ ጥቁር ያወጣ ሰው ነበረ ማለት ነው። እዚያ የነበረ ሰው እዚህ የማይኖርበት ምክንያት ምንድነው? ሰው ሲመኝ እንዲህ ነው የሚያስበው። ደንበኛ እንዲህ ቢያስብ ኖሮ ሱቁን ጠቅልዬ በሸጥኩለት።

ከጎረቤት ሱቅ አንድ ጠርሙስ በረኪና ገዛሁ። ዋጋ አልተከራከርኩም። ጎረቤቴ ደንግጦ «አሞሃል እንዴ?» አለኝ።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ሰኞ ጆንያዬን ይዤ በሚኒባስ ወደ አንገር ወረድኩ። ቆላው እየቀረበ ሲሄድ ሹራቤን አወለቅኩ። አክስቴ ከቤቷ በስተጀርባ ማንጎው ሥር፣ ከበርሜሏ አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት። ገመዱ ላይ የሰው ነጠላ ጠቁሮ ተሰጥቷል። ስታየኝ ብድግ አለች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ አክስቴ።»

«ታዲያ ነጋዴ በሰኞ ቀን ሱቁን ዘግቶ ምን ይሠራል?»

ጆንያውን ፈትቼ ጋቢውን አወጣሁ። መንገድ ላይ ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር። እንደማልወቅሳት፣ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል። አፌን ስከፍት የወጣው ግን «ይሄ የአልጋችን ነበር» የሚል ብቻ ነው።

ጠርዙን ይዛ አየችው። ጥለቷን በአውራ ጣቷ አሸት አደረገች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ?» አለች።

«አዎ።»

«ያ አፍህ ለገበያ ብቻ ነው እንዴ የተሠራው?»

«ታዝኛለሽ ብዬ ነው። እጅሽ እስከዚህ ጠቁሮ ነበር።»

«እጄ መቼ ነጥቶ ያውቃል?» አለች። ግን ድምፅዋ ወረደ። ጋቢውን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ሕፃን ደጋግማ መታ መታ አደረገችው። «ቤቱ ሰው ሞልቶበት ነበር። አልጋው ላይ አየሁት፣ አነሳሁት። ለምን አልጠየቅኩም! በእመብርሃን፣ ለምን አልጠየቅኩም!»

ይሄን ነበር ሁለት ዓመት የሸሸሁት። በረኪናውን አወጣሁና «ማስለቀቅ ይቻል እንደሆነ ብዬ ነው የመጣሁት» አልኳት። ስለ ሮማውያኑም ነገርኳት። በትዕግሥት አዳመጠችኝ።

«ከል ይገባል እንጂ አይወጣም፣ ልጄ። በጣም ብትታገለው የጉበት መልክ ይይዛል። የትኛውን ቀለም ነበር ያኔ የሰጠኸኝ?»

«የማይለቀውን።»

«የሚለቀውን ስታቀብለን ኖረህ፣ ለዚህ የማይለቀውን?»

ቀና ብዬ አየኋት።

«የማላውቅ መሰለህ? ስንቱን ጋቢ ደግሜ ነክሬያለሁ ባንተ ምክንያት!»

ጋቢውን መልሼ ልወስድ እጄን ዘረጋሁ።

ከዚያ እንዲሁ፣ የኔን ፊት አይታ መሰለኝ፣ «እንሞክረዋለን» አለች። ጋቢ አራት እጥፍ ነው። በረኪናው እጥፎቹ መሐል ተኝቶ ጥጡን እንዳይበላው መጀመሪያ ስፌቱ መፈታት አለበት አለችኝ። ምላጭ አምጥታ የአንዱን ጎን ጠርዝ እየቆረጠች ከፈተችው። ሣሩ ላይ ዘረጋነውና የላይኛውን እጥፍ ገለበጠችው፤ ማንም የማያየው የውስጠኛው ገጽ ፀሐይ ላይ ወጣ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለች።

ጥቁሩ ላይ ነጭ ነገር አለ። መሬት ላይ የፈሰሰ ሰሊጥ ነው የሚመስለው። እዚህ ጥቂት፣ እዚያ ጥቂት፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ እንደ መዳፍ የሚሰፋ ክብ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት። ስፌት ነው። የተቀደደው እየተሰበሰበ፣ የሳሳው እየተጠቀጠቀ የተሰፋ።

«የፋብሪካ ክር ነው» አለች አክስቴ። «የፋብሪካ ክር ከል አይጠጣም። ሚስትህ ጠርዙን መልሳ የዘጋችው ግን በጥጥ ነው። ጠርዙ ስለጠቆረ ነው ውጭውን አይተን ያላወቅነው።»

ይሄንን እኔ ነኝ ለደንበኛ የምናገረው። ሱሪው ይጠቁራል፣ ስፌቱ ግን ነጭ ይቀራል፣ ኋላ እንዳትወቅሰኝ እላለሁ። ጋቢው ነጭ ሳለ ነጭ ክር በነጭ ላይ ማን ያያል? ከውጭ እንዳይታይ ጠርዙን እየፈታች ከውስጥ ነው የጠገነችው።

እኔ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንን ጋቢ ከአልጋ አንስቼ አሳይ ነበር። «እዩት እስቲ፣ ከሰርጋችን ጀምሮ አንዲት ቀዳዳ የለውም! ሸማኔ ማለት እንዲህ ነው!» ሰዎች አምነውኝ እዚያው ሸማኔ ዘንድ ሄደው አሠርተዋል። እሷ ጎኔ ተቀምጣ «ኤዬ፣ አዎ፣ ጎበዝ ሸማኔ ነው» ትልና ወደ መስኮቱ ታያለች። አንድም ቀን አላሳፈረችኝም።

ይሄንን ለአክስቴ ስነግራት ሻሿ እስኪወልቅ ሳቀች። «ሸማኔውን ስታመሰግን ኖረሃላ! አይ የኔ ብልጥ! ገበያውን ሁሉ አታልለህ አንዲት ሴት ቤትህ ቁጭ ብላ ታታልልህ!» እኔም ሳቅኩ። ከዚያ መሳቄን ማቆም እንጂ ሌላውን ማቆም አልቻልኩም፤ አክስቴ ወደ በርሜሏ ዞር ብላ እንጨት የምታስተካክል መሰለች።

ስትመለስ ጠርሙሱን አነሳች። «ታዲያ ላፍስሰው?»

በረኪናው መጀመሪያ የሚበላው የሳሳውን ቦታ ነው፤ ባለቤቴ የነካችውን ሁሉ ማለት ነው። ቢሳካና ቢነጣ ደግሞ ስፌቱ ተመልሶ ይጠፋል፣ እኔም ሸማኔውን ወደ ማመስገኔ እመለሳለሁ።

«ተይው» አልኳት።

«እርግጠኛ ነህ? ከዚህ ድረስ መጥተህ?»

«ተይው። በረኪናው ላንቺ ይሁን።»

«እንዲህ ያለ ስጦታ ከነጋዴ!» አለችና ጠርሙሱን ወደ ጓዳ አስገባችው። ጠርዙን ልትዘጋልኝ መርፌ ስትፈልግ ደግሞ እንዳለ ስጪኝ አልኳት። የተተረተረ ጋቢ ይዞ መሄድ ነውር ነው ብላ ተቆጣችኝ፣ ግን ሰጠችኝ።

አሁን አልጋው ላይ ነው፣ ጥቁሩን እንደያዘ። የባለቤቴ ወንድም ሊጠይቀኝ ሲመጣ አይቶት «እስካሁን ሐዘን ላይ ነህ እንዴ?» አለኝ። ገልጬ አሳየሁት። ቆሞ ብዙ አየው፣ ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ።

እሑድ ሱቅ ስለማልከፍት፣ ረፋድ ላይ መስኮቱ አጠገብ ዘርግቼ አየዋለሁ። እጇን ለይቻለሁ። ቀደም ያሉት ስፌቶች ደቃቅና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ባለሙያ ነበረች። መሐል ላይ፣ በኔ በኩል፣ አንድ ቦታ ግን ስፌቱ ይረዝማል፣ ይጣመማል፣ ክሩም ሳይቋጠር ቀርቷል። የሷ አይመስልም። ተቸኩላ ይሆን? ወይስ እጇ እምቢ ማለት ጀምሮ ነበር፣ እኔ ሱቅ ሆኜ ጥቁር ስሸጥ? እሱን ነው መጠየቅ የምፈልገው። የምትመልስልኝን ግን አውቀዋለሁ። ቀና ሳትል፣ እንደ መሰልቸት ብላ «ማሊ? ምንድነው? አልሞቀህም እንዴ?» ነው የምትለኝ።